በሬ የጎተተው ሌባ

አንድ በሬ ሰርቆ በሰረቀው በሬ የተያዘ ሰው ነበር። ስሙ ልመንህ ይባላል። ሌብነት ልማዱ አልነበረም፤ ጀማሪ መሆኑም ከሥራው ያስታውቅ ነበር። በአንድ የገበያ ቀን መንደሩ ጭር ሲል የሽማግሌውን የአያ ድረስን ቀይ በሬ ከመስክ ፈትቶ ነዳ። ግማሽ ቀን ከሄደ በኋላ ፀሐይ በረታበትና አንድ ሾላ ሥር ጋደም አለ። እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ መጣለት። በዚህ አገር ሌባ አይጠፋም፤ እንቅልፍ ከወሰደኝ በሬዬን ይወስዱብኛል ብሎ ሠጋ። ስለዚህ የበሬውን ገመድ ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ፣ አጥብቆ ቋጥሮ ተኛ።

በሬው ግን እንቅልፍ አልመጣበትም። ውኃ ሲጠማው ቤቱ ትዝ አለውና መንገዱን ያዘ። ልመንህ ሲነቃ በጀርባው እየተንሸራተተ ነበር። ቋጠሮውን ቢታገለው ባሰበት፤ በሬውን ቢለምነው አልሰማውም። እንደምንም ተነሥቶ ከኋላ ከኋላው እየተደናቀፈ ተከተለው። አያ ድረስ ከገበያ ሲመለሱ በሬው ሌባውን ይዞ ደጃቸው ላይ ቆሞ አገኙት።

ዳኛው ሦስት ዓመት ፈረደበት። ልመንህ ታስሮ ሲከርም ወሬው አልታሰረም ነበርና በየሰርጉና በየገበያው ሲዞር ቆይቶ ከእስር ቤት ደጃፍ ተቀበለው።

ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደ። እናቱ እውነት ተናግረህ እደር ብላው ስለነበር የመጀመሪያው ቀጣሪ ዘንድ ገና ሰላምታው ሳያልቅ በሬ ሰርቄ ታስሬ ነበር አለ፤ ሰውዬው "ታስሬ" የሚለው ላይ በሩን ዘጋበት። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው አዳመጠውና እንባው እስኪወርድ ስቆ፣ ምሳ አብልቶ ሸኘው። ሦስተኛዋ ባለ ጠጅ ቤት ነበረች። ጎረቤቶቿን ጠርታ ታሪኩን ከሥሩ እንደገና ካስጀመረችው በኋላ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ በሌብነት መበላሸቱ እንደሚያሳዝን ነግራ አሰናበተችው። ሲወጣ ብርሌዎቹን ከአጠገቡ ስታነሣ አያት። ሳቁን ችሎት ነበር፤ ይህ ግን አንጀቱን አሳረረው። ዝም አይነቅዝም አለና ከእንግዲህ አፉን ሊዘጋ ወሰነ።

አራተኛው ጫንያለው የተባለ የእህል ነጋዴ ነበር። መጋዘኑን የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል። ልመንህ ይህ ካመለጠው የሚቀረው መንደሩ ገብቶ እስኪሞት ድረስ መሳቂያ ሆኖ መኖር ነው። ነጋዴው ስሙን፣ አገሩንና ጤናውን ጠየቀው። በመጨረሻም ታስሮ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው።

"አላውቅም" አለ ልመንህ።

ነጋዴው ደስ አለው። ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ የእንግዳውን አገር ሲያስብ አንድ ነገር ትዝ አለውና፣ በሬ የጎተተው ሌባ ከእናንተ አገር አይደል እንዴ ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ያወጋው ጀመር።

በነጋዴው አፍ አንዱ በሬ ሁለት ሆነ። ልመንህ ዝም አለ። ቀዩ በሬ ጥቁር ሆነ። ልመንህ መሬት መሬቱን አየ። ሌባው ሰክሮ የተኛ ሆነ። ልመንህ በዕድሜው አረቄ ቀምሶ ስለማያውቅ ይህ በጣም ከነከነው፤ ቢሆንም ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ቀጥሎ ነጋዴው እየሳቀ፣ የሌባው ሱሪ መንገድ ላይ ወልቆ ስለቀረ መንደር የገባው ራቁቱን ነው አለ።

"ሱሪው አልወለቀም" አለ ልመንህ።

"አንተ በምን አወቅህ?"

ሲወራ ሰምቼ ነው ቢል ያልፍ ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶም ነበር። ግን ሰው በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ይዋሻል? ያውም በገዛ ሱሪው።

"ገመዱ የታሰረው እኔ ወገብ ላይ ነበር፤ ሱሪዬን የያዘልኝም እሱ ነው" አለ።

ነጋዴው ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ደንግጦ ቀረ። ከዚያም ተቆጣ። "በበሬው ታስረህ ወጥተሃል፤ እሱ አላስቆጣኝም። አሁን እዚህ ቁጭ ብለህ ለዋሸኸኝ ግን ማን ይታሰርልህ?"

ልመንህ እውነቱን የነገራቸው ሦስት ሰዎች እንዴት እንደሸኙት አንድ በአንድ አስረዳው። ነጋዴውም የመጋዘን ጠባቂ መቼም ያለ ዋስ አይቀጠርምና እስከ ቅዳሜ ዋስ ካመጣ እንደሚቀጥረው ነገረው። የበሬ ሌባ ዋስ እንደማያገኝ ያውቃል፤ ስለዚህ ቸርም ጠንቃቃም የሆነ መስሎት ደስ ብሎት ወደ ምሳው ሄደ።

ልመንህ ወደ መንደሩ ተመልሶ ዋስ ፍለጋ ዞረ። የእህቱ ባል በድንገት ወገቡን አመመው። አጎቱ እንደሚጸልይለት ቃል ገባለት። የክርስትና አባቱ ጉዳዩን ሲሰማ ጆሮው መስማት አቆመ። ዓርብ ላይ የቀረው አንድ ደጅ ብቻ ነበር፤ በሬው ጎትቶ ያደረሰው ደጅ።

ይቅርታ ጠያቂ እንደሚያደርገው ድንጋይ ተሸክሞ ሄደ። አያ ድረስ የፈረሰ ካብ እየጠገኑ ነበር። በሬው ቀና ብሎ ልመንህን አየውና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልትወስድ መጣህ?" አሉ ሽማግሌው።

"ስምዎን" አለ ልመንህ ከድንጋዩ ሥር። "ዋስ ይሁኑኝ ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ግን ይቅር ይበሉኝ። ይህን ያን ጊዜ ማለት ነበረብኝ፤ አፍሬ ነው።"

አያ ድረስ አንድ ሁለት ድንጋይ ካቡ ላይ ደረደሩ። ልመንህ እምቢ ቢሉት እንደማይፈረድባቸው ያውቃል። በመጨረሻ ሽማግሌው ካቡን አሳዩትና፣ "ድንጋዩን እዚያ ጎደሎው ላይ አስቀምጠው፤ ልኩ ነው" አሉት።

ቅዳሜ ሁለቱም ነጋዴው ዘንድ ቀረቡ። ነጋዴው ሽማግሌውን የልመንህ ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን ጠየቀ።

"አይደለሁም፤ የበሬው ባለቤት ነኝ" አሉ።

ነጋዴው የተሰረቀ ሰው ለሰረቀው ዋስ ሲሆን አይቶም ሰምቶም አያውቅም። እንዲያው እንዴት ብለው ያምኑታል ሲል ጠየቃቸው።

"ሌላው ዋስ የሰውየውን ደግ ደጉን ብቻ አውቆ ነው የሚፈርምልህ፤ ክፋቱ የት ድረስ እንደሚሄድ አያውቅም" አሉ አያ ድረስ። "እኔ የዚህን አውቃለሁ። ከእኔ ደጅ እስከ ሾላው ድረስ ነው። ያንንም በእግሩ ተመልሶበታል፤ ትናንት ደግሞ ማንም ሳይጎትተው መጣ።"

ነጋዴው ከዚህ በኋላ የጠየቀው ነገር ቢኖር በሬው በእርግጥ አንድ ብቻ መሆኑን ነው። ሁለቱም ባንድ አፍ "አንድ፤ እሱም ቀይ" አሉት። ልመንህ በዚያው ቀን ቁልፍ ተረከበ።

መጋዘኑን ለብዙ ዓመት ጠበቀ። ሲያንጎላጅ እንኳ ያየው የለም፤ እንቅልፍ ምን እንደሚያመጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ታሪኩን ራሱ ያወጋል። በሬው አንድ፣ መልኩ ቀይ፣ ሱሪውም በቦታው።

ወዳጆቼ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ጥፋታችንን እኛ ካልተናገርነው ሌላ ሰው ይናገርልናል፤ ሲናገር ደግሞ በሬውን ሁለት አድርጎ፣ ሱሪያችንን አስወልቆ ነው። ይህ ለተናጋሪው ነው። ሰሚውም ድርሻ አለው፤ ልመንህን መዋሸት ያስተማሩት እውነቱን ሲናገር የመለሱት ሦስቱ ናቸውና። ነገ አንድ ሰው ደጃችሁ ቆሞ "ታስሬ ነበር" ብሎ ቢጀምር፣ ነገሩን እስኪጨርስ በራችሁን ክፍት ታቆዩለታላችሁ?