ጄኔራሉ የጠራው አውጫጭኝ

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ግን ብዋሽ ዓይኔን ያፍስሰው! የከተማ ወጣቶች ተሰባስበው አንድ ጄኔራል የወታደሩን ጫማ በመኪና እየጫነ ሲቸበችብ የሚያሳይ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁበት። ጄኔራሉም ለመንግሥት ነግሮ ኢንተርኔቱን አስዘጋው። አዘጋጉንስ ምን ብዬ ልንገራችሁ! የኛ መንደር አውራ ዶሮ እንኳ ፈቃድ ሳያወጣ መጮህ ተወ።

ይኼም አልበቃው። ቪዲዮው የተቀረጸው ከኛ መንደር ነው ተብሎ ስለተነገረው፣ ነጠላ ጫማ ያጠለቁ አጃቢዎቹን አስከትሎ መጣና አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ መቼም ታውቃላችሁ፤ ሌባው እስኪገኝ ድረስ መንደርተኛው ባንድ በረት የሚታጎርበት ነው። ጤፋችን አውድማ ላይ ተዘርግቷል፣ ሰማዩ ደግሞ ያጉረመርማል።

«የቀረጸውን ሰው ካላወጣችሁ እዚሁ ትበሰብሷታላችሁ!» አለ ጄኔራሉ።

የቀረጸችው ልጅ አጠገቤ ቆማ ስልኳን ጉያዋ ትወሽቃለች። ይኼኔ አንዲት ምላሰኛ ጠላ ሻጭ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ አውጫጭኝ የሚጠራው ሌባ ለመፈለግ ነው። እኛም ሌባውን ለማውጣት ዝግጁ ነን። ብቻ የጠፋው ዕቃ መጀመሪያ ይነገረን፤ ምን ተሰረቀ?»

ጄኔራሉ ጫማ ተሰረቀ ቢል በገዛ አፉ መያዙ ነው።

«ምንም የተሰረቀ ነገር የለም!» ብሎ አንባረቀ።

ከኋላው ጠመንጃ አንግቶ የቆመው አጃቢ እግሩን ቁልቁል አየና አላስችል አለው፦

«እንዴ ጌታዬ! ታዲያ የኔ ጫማ የት ገባ?»