አያ ጅቦ ዜኖን ያስገጠመ ጊዜ

አንድ ጊዜ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት አንድ አህያ ነበር። አራስ ውርንጭላ ትታለት ሄደች። አህያው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙ ቀን ለቅሶ አልተቀመጠም። ጠዋት ውርንጭላውን ለጎረቤቱ ለእሜት በግ ይሰጣል፤ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ማታ ባዶውን መኪና ይዞ ወደ ደጋ ይመለሳል።

በመንገዱ ላይ ሰባት ኩርባ ያለው ገደል አለ። አህያው ስለ ራሱ ብዙ አይጨነቅም። ግን ኩርባው ጋ በደረሰ ቁጥር «እኔ እዚህ ብቀር ያ ልጅ ማን አለው?» ይልና ማርሽ ይቀንሳል።

አንድ ማታ አምስተኛው ኩርባ ላይ ሁለት ፀሐይ ወጣ። ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። አህያው ፍሬን ያዘ። መንገዱም፣ ገደሉም፣ የገዛ ጆሮውም ጠፉበት። የቀኝ ጎማው የገፋው ድንጋይ ወደ ታች ወረደ፤ ሲያርፍ ድምፁ የተሰማው ቆይቶ ነው።

ፀሐዮቹ መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ከመስኮቱ የአያ ጅቦ ጭንቅላት ብቅ አለ። አያ ጅቦ አጥንትና ቆዳ ያመላልሳል። አህያ መብላት የሚከለክለው ሕግ ከወጣ ወዲህ አህያ አይበላም፤ ቢያንስ በቀን።

«አንተ ጆሮ! እዚህ ምን ገተረህ?»

«አያ ጅቦ፣ እባክህ መብራትህን ዝቅ አድርግልኝ። ምንም አላየሁም።»

«ዝቅ ያለው እኮ ነው! አጭሩ ነው!» አለ ጅብ ደረቱን ነፍቶ። «ዜኖን የሚባል አምፖል ነው። ትናንት ነው ያስገጠምኩት። ከፊቱ ቆሜ ሞከርኩት፤ ለግማሽ ቀን ምንም አልታየኝም። መብራት ማለት ይሄ ነው!»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ አህያው ሽንኩርቱን አራግፎ ቆላ ካለው የቀበሮ ጋራዥ ገባ። ቀበሮ የመኪና መብራት ሠራተኛ ነው። አያ ጅቦም እዚያው ነበር፤ መኪናው ግንባር ላይ ሁለት ተጨማሪ ዜኖን አስገጥሞ መጨረሱ ነው።

«እንኳን መጣህ!» አለ ቀበሮ አህያውን ሲያይ። «ጥቁር መነጽር አለኝ። ለማታ መንጃ።»

«ማታ ጥቁር መነጽር?»

«ከአያ ጅቦ ጋር መንገድ ላይ ለሚገናኙ ሁሉ እየሸጥኩ ነው። ካልፈለግህ አንተም ዜኖን ግጠም። እሱ ሲያሳውርህ አንተም ታሳውረዋለህ።»

«ሁለታችንም ከታወርን ማን ይነዳል?»

«እሱ የጋራዡ ጉዳይ አይደለም።»

አህያው አራት እግሩን መሬት ላይ ተከለ። አህያ ሲተክል ደግሞ ይታወቃል። «የሁላችንንም መብራት ግድግዳው ላይ አሳየኝ» አለ።

መጀመሪያ የራሱ መኪና ከነጩ ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመች። አምፖሏ የድሮው ዓይነት፣ ሃሎጂን የሚሉት ነው። ብርሃኗ ቢጫ ነው፤ ርቀቱም የሚያስፎክር አይደለም። ግን ግድግዳው ላይ መስመር ሠራች። ከመስመሩ በታች ብርሃን፣ ከመስመሩ በላይ ጨለማ፤ በስተቀኝ ብቻ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ መስመሩ ትንሽ ከፍ ይላል።

ቀጥሎ ለእድሳት የገባችው የአንበሳ መኪና በራች። ከፋብሪካ ከነዜኖኗ የወጣች ናት። ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ብርሃን ተነጠፈ፤ የላይኛው መስመር በምላጭ የተቆረጠ ይመስል ነበር።

«ይሄ ከእኔ ይበልጣል» አለ አህያው፣ ምንም ሳይከፋው።

የአያ ጅቦ ተራ ደረሰ። ግድግዳው በሙሉ ነጣ። ጣሪያው ነጣ። ከጣሪያው ጀርባ ያለው ዋርካ እስከ ጫፉ ነጣ። የጎረቤት አውራ ዶሮ ጮኸ። ዋርካው ላይ የተኛች ጦጣ «ነጋ እንዴ? አሁን ተኛሁ እኮ!» ብላ ለሁሉም የሚበቃ ስድብ አወረደች።

«መስመሩ የታለ?» አለ አህያው።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «መስመር የለውም። የአንበሳ መብራት ብርሃኑን አስተካክሎ የሚቆርጥ ሌንስ አለው። የአያ ጅቦ የመብራት ቤት ግን ለሃሎጂን አምፖል የተሠራ ነው፤ እኔ አምፖሉን ብቻ ቀየርኩ። ስለዚህ ብርሃኑ ደስ ወዳለው ይሄዳል።»

«ለምን አልነገርከውም?»

«አልጠየቀኝማ። የጠየቀኝ ‹ይነጣል ወይ?› ብሎ ነው።»

አህያው ወደ ጅብ ዞረ። «አያ ጅቦ፣ ሰማህ አይደል? የድሮውን አምፖል አስመልስ። እናቱ የሞተችበት ልጅ ቤት አለኝ።»

«ቅናት ነው!» አለ ጅብ። «የእኔ እኮ ሰማይ ድረስ ይደርሳል!»

«ሰማይ ላይ ጭነት አለህ?»

አያ ጅቦ አራቱንም መብራት አብርቶ ሽቅብ ተፈተለከ። አህያውም ተከተለው።

ገደሉ ጋ ሲደርስ ጉም ወርዶ ነበር። የአህያው ቢጫ ብርሃን በጉሙ ሥር ገብቶ አምስት እርምጃ አስፋልት ያሳየዋል። አምስት እርምጃ ይነዳል፤ ደግሞ አምስት። አምስተኛው ኩርባ ላይ ጉሙ በሙሉ ነጭ ሆኖ ጠበቀው። የጅብ መኪና የፊት ጎማዋን ሰቅላ ተራራው ሥር ካለው ቦይ ውስጥ ተቀምጣለች። አያ ጅቦ ገደሉን ሲሸሽ ነው የገባው። አራቱም መብራቶች አሁን በእርግጥ ሰማይ ያበራሉ።

«ማነህ? አላይህም!» አለ ጅብ።

«አህያ ነኝ።»

«መብራትህ የታለ?»

«መሬት ላይ።»

«አውጣኝ በናትህ! ጉሙ የገዛ መብራቴን መልሶ ፊቴ ላይ ደፋው። ግድግዳ ሆነብኝ!»

አህያው ቆመ። ትቶት ቢሄድ የሚጠይቀው የለም። ግን እነዚያ መብራቶች ኩርባው ላይ ሲያበሩ ካደሩ ቀጥሎ የሚመጣው ሹፌር ገደል ይገባል፤ እሱም ልጅ ይኖረው ይሆናል። ገመድ አወጣ።

«መጀመሪያ አጥፋው።»

«ምኑን?»

«መብራቱን ነዋ! ገመዱን የማስርበት አልታየኝም።»

አያ ጅቦ አጠፋና ጨለማውን ፈራ። ጅብ ሆኖ! አህያው በራሱ ቢጫ ብርሃን አሰረ፣ ጎተተ፣ አወጣው።

«ጥፋቱ የቀበሮ ነው» አለ ጅብ እየተነጫነጨ። «ሌንስ ምናምን ብሎ አልነገረኝም።»

«ነግሮሃል፤ እኔ ሰምቻለሁ። ይሄ ጆሮ አንዳንዴ ይጠቅማል። እዚሁ ዳር ይዘህ፣ አጥፍተህ እደር፤ ሲነጋ አምፖልህን ታስመልሳለህ።»

አህያው ሰፈሩ ሲደርስ በጣም መሽቷል። የእሜት በግ መስኮት መንገዱን ፊት ለፊት ያያል፤ ውርንጭላው በስንት እሹሩሩ ተኝቷል። አህያው ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው መኪናውን አቆመ፤ መብራቱን አጠፋና የቀረውን በእግሩ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ብርሃኑን ከሚመጣው ሰው ዓይን በታች ማቆም የማያውቅ ሹፌር፣ አምፖሉ የቱንም ያህል ቢነጣ፣ ጨለማ ጭኖ እንደሚሄድ ነው።