የሸምበቆ ሜዳ ጎርፍ

የሸምበቆ ሜዳ ሰው የራሱን ነገር በሌላ ሰው እጅ የሚያስገባ ባየ ቁጥር የሚተርታት አንዲት አባባል አለች። የተወለደችው በጎርፍ ቀን ነው።

የገበሬዎች ማኅበሩ ኮምፒውተር የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ነጻ ሥርዓት ነበር። ሊኑክስን ማንም ባለሙያ ውስጡን ከፍቶ ያየዋል፣ ይጠግነዋል፤ ማኅበሩም የመረጠው ለዚሁ ነው። የማኅበሩ ባለሙያ አዝመራው ግን ኢንተርኔት የሚገባበትን ብሮውዘር ከአንድ የውጭ ኩባንያ አመጣ። ይፈጥናል፣ ያምራል፤ ውስጡ ግን ዝግ ነው።

«ከሊኑክሱ ጋር የመጣው ነጻው ብሮውዘር ምን ጎደለው?» አለችው የሥራ ባልደረባው ውብአለም። «ይሄኛው እምቢ ያለ ቀን ማን ሊፈታልን ነው?»

«አንቺ ደግሞ መርሕ ትያለሽ! ዋናው መሥራቱ አይደል?» ብሎ ሳቀባት። ለገበሬው ሁሉ የስልክ መልእክት የሚላክበትን ገጽ የይለፍ ቃልም እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ አስቀመጠና ረሳው።

ነሐሴ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሩዝ ሊያርም፣ ከፊሉም ሊያርስ እንደ ወጣ፣ ከላይኛው አገር ተደወለ።

«ወንዙ ሰብሮ ወጥቷል! ሰዎቻችሁን ከማሳ አውጡ!»

አዝመራው ብሮውዘሩን ሊከፍት ተጣደፈ። «ይህ እትም አገልግሎቱ አብቅቷል፤ አዲሱን ይጫኑ» አለው። አዲሱን ቢሞክር፣ «በዚህ ኮምፒውተር አይሠራም» አለው።

«በነጻው ግባ!» ጮኸች ውብአለም።

«የይለፍ ቃሉ እዚህ ውስጥ ነው። አላስታውሰውም።»

«ታዲያ አውጣው!»

«አይከፈትም አልኩሽ! ውስጡ ዝግ ነው፣ እኛ አናየውም!»

ውብአለም የዕድሩን ጥሩምባ ከግድግዳው መንጭቃ ወደ ምሥራቁ ማሳ ሮጠች። እሱ ወደ ምዕራቡ በረረ፤ ድምፁ እስኪዘጋ «ውሃ! ውሃ መጣ!» እያለ። አጎቱን አያ ደስታውን ጭቃ ውስጥ ደረሰባቸው። በሬዎቻቸውን ሊፈቱ ቢዞሩ እጃቸውን ይዞ ጎተታቸው። ኮረብታው ላይ ሲወጡ ውሃው ከኋላቸው ሜዳውን ሞላው።

በምሥራቁም በምዕራቡም የሰው ነፍስ ተረፈ። የአያ ደስታው በሬዎች ግን ከነቀንበራቸው ሄዱ። አዝመራው ሽማግሌውን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ያ መልእክት የምትልኩበት ዕቃ የማኅበሩ አይደለም እንዴ? ምነው ሳይጠራን ቀረ?» አሉት ሽማግሌው።

«የእኛው ነው፣ አያ። የሚያዙበት ግን ሌሎች ናቸው።»

አያ ደስታው በሬዎቻቸውን ወደ ወሰደው ውሃ ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አይ ልጄ፣ ቁልፉን ለሰው የሰጠ፣ ከደጅ ተቀመጠ» አሉ።