የወርቅያንጥፉ ስልክ

ደብረ ሲና መናኸሪያ አካባቢ ሁለት ሰዎች ምንጩ በማይታወቅ ነገር ሲካሰሱ ከሰማችሁ፣ ከአጠገባቸው አንዱ ያቺን የቆሎ ተረት መጣሉ አይቀርም። ሲሰሟት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች ትመስላለች። የወረደችው ግን ከባንክ ቤት ደረጃ ነው። የተተረተባቸው ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አውቶቡሳችሁ እዚያ ለምሳ ከቆመ አንዷ መስኮታችሁን ታንኳኳ ይሆናል። ተረቷን ያለቦታዋ የሚጥሏት ስለበዙ ነገሩ ከሥሩ ቢነገር ይሻላል።

ወርቅያንጥፉ ስሟ ረጅም ነው፤ አውቶቡስ ደግሞ ለረጅም ስም አይቆምም። ስለዚህ ሁሉም ወርቄ ይሏታል። ቆሎ ትሸጣለች። ገብሱን፣ ሽምብራውንና ሱፉን ለቅማ የምትቆላው ሸሪኳ ዘነቡ ናት፤ ወርቄ ሰፌዷን ይዛ በየአውቶቡሱ ሥር ትሮጣለች። ዘነቡ ዝምተኛ ናት። እሳት ፊት ሲውል የኖረ ሰው ወሬ አያበዛም፤ ደግሞም የወርቄ አፍ ለሁለቱም ይበቃ ነበር።

የቆሎ ንግድ ያለ ቅምሻ አይሆንም። ተሳፋሪው በመስኮት መዳፉን ይዘረጋና «እስቲ አቅምሺኝ» ይላል፤ ሻጯ ቆንጠር አድርጋ ትሰጠዋለች። ቀምሶ የሚገዛ አለ፣ ቀምሶ መስኮቱን የሚዘጋም አለ። በዚያ ላይ ሻጮቹ የተራ ደንብ አላቸው፤ አውቶቡስ ሲገባ መጀመሪያ የምትሮጠው ባለተራዋ ናት። ተራ የዘለለች ሴት ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ የሚሰጣት አታገኝም።

ሁለቱ ሴቶች ቀን ከሌት የሚያልሙት የጋሽ ሸዋንግዛውን በቆርቆሮ የተሠራ ሱቅ ነበር። የደብረ ሲና ጉም ከተራራው ወርዶ ሰፌድ ላይ ከተቀመጠ የማለዳው ቆሎ እስከ ቀትር ይለሰልሳል፤ ጥርስ ላይ የማይንኮሻኮሽ ቆሎ ደግሞ ማን ይገዛል? ጣራ ካላገኙ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለጉም እንደቆሉ ሊቀሩ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ልጃቸው ዘንድ ደብረ ብርሃን ሊገቡ ቆርጠው ነበርና አንድ ቀን ጠርተው ነገሯቸው።

«እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ገንዘቡን ካመጣችሁ ሱቁ የናንተ ነው። ካላመጣችሁ ለሞባይል ነጋዴው እሰጠዋለሁ፤ እንዳታዝኑብኝ።»

ገንዘባቸው ባንክ ነበር። ሒሳቡን በሁለቱም ስም ከፍተው፣ አንዷ ብትታመም ሌላዋ እንዳትቸገር፣ ከሁለቱ አንዷ ብቻዋን ብትሄድም እንዲከፈላት ፈርመዋል። እንዲህ ተማምነው የሚፈርሙ ሸሪኮች ዛሬ ጥቂት ናቸው። ወርቄ «ገንዘብ እጅ ላይ ከዋለ እግር ያወጣል» ባይ ናት። ስለዚህ ተሳፋሪ በስልኳ የላከላትን ብር፣ ሃምሳም ትሁን ሰማንያ፣ አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ በሄደ ቁጥር እዚያው ቆማ ወደ ሁለቱ ሒሳብ ታስተላልፋለች። ስልኳ ጢን ይላል። «እሰይ፣ ገባ!» ትላለች። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አታነበውም፤ ለመሆኑ ደስ የሚል ድምፅ ማን ያስተረጉማል? ማታ ቤቷ ስትገባ ለእያንዳንዱ መቶ ብር አንዲት ሽምብራ ጠርሙስ ውስጥ ትጥላለች።

ባንኩ አዲሱን የአገልግሎት ክፍያ በሩ ላይ የለጠፈ ዕለት ወርቄ በአጠገቡ አልፋለች። «ይሄ ለባለሆቴሎቹ ነው» ብላ መንገዷን ቀጠለች። ቆሎ ሻጭ ባንክ ቤት ስትገባ ራሷን ነጋዴ አድርጋ አትቆጥርም። ባንኩ ግን ቆጥሯታል።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ወርቄ ገንዘቡን ልታረጋግጥ ብቻዋን ባንክ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሥርጉት የምትባል ልጅ በሰው ብዛት ተጣድፋ፣ ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻት። ወርቄ ቁጥር አትስትም። ጠርሙሱ ካለው አራት ሺህ ብር ገደማ ጎድሏል። እዚያው «ለምን ጎደለ?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ይቺ ተረት አትወለድም ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ጨምድዳ እንደ ቀስት ወጣች። ሽምብራ አይሰርቅም፤ ባንክም በጠራራ ፀሐይ አይሰርቅም፤ ታዲያ ማን ቀረ? መንገድ ላይ የዘነቡ ማድ ቤት አዲስ ቆርቆሮ ትዝ አላት። «ወንድሜ ገዛልኝ» ብላ ነበር ዘነቡ። ወንድሟ ደግሞ መቼ መጥቶ ያውቃል? ባሰበችው ቁጥር እግሯ እየፈጠነ ሄደ።

ዘነቡ የቆላችውን በጆንያ ይዛ መናኸሪያው በር ላይ ደርሳ ነበር። ሻጮቹ ተራቸውን እየጠበቁ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዘነቡ፣ ቆርቆሮሽ ስንት ፈጀ?» አለች ወርቄ ገና ከሩቅ።

«የምን ቆርቆሮ?»

«የማድ ቤትሽ ነዋ! በኔ ሩጫ የተከደነው!»

ዘነቡ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ወርቄን ይብሱን አነደዳት።

«አራት ሺህ ብር ጎድሏል! ከሁለታችን በቀር የሚያወጣው የለም። እኔ አላወጣሁም። ሌላውን አንቺ ጨርሺው!»

ዘነቡ ጆንያውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ጨው እንኳ ሳልነግርሽ ገዝቼ አላውቅም» አለች። «ሱቁም ይቅር፣ ሽርክናውም ይቅር። ስሜን ግን እዚህ አቧራ ላይ ጥዬልሽ አልሄድም። ቅደሚ፣ ባንክ እንሂድ።»

ከሻጮቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ተራውንም የሚያከፋፍሉት እትዬ አልታዬ ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ። «እማኝ ያስፈልጋችኋል» አሉና፣ እፍኝ ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ተከተሏቸው። እትዬ አልታዬ ያለ ቆሎ ነገር አይሰሙም።

ባንክ ቤት ሲደርሱ አሮጊቷ ሰልፉን በምርቃት አልፈው መስኮቱ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ከነዚህ ልጆች ሒሳብ ገንዘብ ያወጣው ማነው?»

ሥርጉት ኮምፒውተሯን አየች። «ከተከፈተ ጀምሮ ማንም አላወጣም።»

«ታዲያ አራት ሺህ ብሩ ክንፍ አውጥቶ በረረ?» አለች ወርቄ።

«የአገልግሎት ክፍያ ነው። በስልክ ባስተላለፉ ቁጥር ይቆረጣል። በየወሩም አለ። ለመልእክቱም እንዲሁ።»

እትዬ አልታዬ አንገታቸውን አሰገጉ። «የምን መልእክት?»

«ገንዘብ መግባቱን፣ መቆረጡን በስልክ የሚነግራቸው ነዋ።»

«ለመንገሩም ይቆረጣል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አይ ጊዜ! ሌባ እንኳ ሰረቅኩሽ ብሎ የመልእክተኛ ዋጋ አይጠይቅም!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ሥርጉትም ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ወርቄ ግን አልሳቀችም።

«በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ስንት ነው?»

ሥርጉት ነገረቻት። ጥቂት ነው፤ አንድ ቁንጣሪ ቆሎ አይገዛም። «እርስዎ ግን በቀን አሥር ጊዜ ያስተላልፋሉ» አለች ልጅቷ። «ሃምሳ ብርም ቢልኩ ይቆረጣል፤ በሃምሳ በሃምሳው ሲሆን ይበዛል።»

ያን ጊዜ ለወርቄ ገባት። ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየሮጠች ዓመቱን ሙሉ ባንኩን ስታቀምስ ኖራለች። ስልኳ ጢን ባለ ቁጥር እሰይ ያለችው ለዚያ ነበር። እፍረቱ እስከ ጆሮዋ ጋለ፤ ዘነቡን ዞራ ማየት አቃታት።

ሥራ አስኪያጁ ጫጫታውን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። ጨዋ ሰው ነው። «እናቶቼ፣ መመሪያው ከላይ የመጣ ነው፤ የተቆረጠውን መመለስ አልችልም። በሩ ላይም ለጥፈናል» አለ።

«ለጥፋችኋል፤ አይቼ ያለፍኩት እኔ ነኝ» አለች ወርቄ። «ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። እኔ ሳቀምስ ገዢ አገኛለሁ። እናንተ ስትቀምሱኝ እኔ ምን አገኛለሁ?»

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔም ደሞዝ የሚገባው እዚሁ ነው። ከኔም ይቆረጣል» አላት።

ወርቄ ወደ ሥርጉት ዞረች። «እንግዲያው የማይቀመሰውን መንገድ አሳዪኝ።»

«መልእክቱን ማስቆም ይቻላል። ገንዘቡንም አጠራቅመው በሳምንት አንዴ ራስዎ አምጥተው ቢያስገቡ፣ እዚህ ለማስገባት አይቆረጥም።»

«ይህን እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ወርቄ እዚያው መልእክቱን አስቆመች። ዘነቡ አሁን ወደ አሮጊቷ ዞረችና «እትዬ፣ ስሜ ነጻ ወጣ?» አለች።

«ወጣ፣ ልጄ።»

«እንግዲህ ደህና ዋሉ» ብላ ጆንያዋን ልትወስድ ወደ መናኸሪያው ሄደች። ወርቄን አላየቻትም።

ወርቄ ደረጃው ላይ ቆመች። ሱቁ በአራት ሺህ ብር ሊያመልጥ ነው፤ እሱ አልነበረም ያንገበገባት። ሱቁን ብታገኝስ ማን ቆልቶላት ምን ልትሸጥበት? በጆሮ ሹክ የሚባል ይቅርታ ደግሞ ለዚህ አይበቃም። በአደባባይ የተዋረደ የሚካሰው በአደባባይ ነው። ከመንገዱ ዳር ከግንበኞች ክምር አንድ ድንጋይ መርጣ፣ ትልቁን፣ ማጅራቷ ላይ አስቀመጠች፤ ጎንበስ እንዳለች ከተማውን አቋርጣ ሄደች። ሰው ሁሉ ያያታል። ይየኝ አለች።

መናኸሪያው በር ላይ ስትደርስ የግሸን ተጓዦችን የጫነ አውቶቡስ ገና መቆሙ ነበር። ዘነቡ ጆንያዋን አንስታ ነበር፤ እትዬ አልታዬም ቀድመው ደርሰው የባንኩን ነገር ለሻጮቹ አውርተዋል።

«ዘነቡ፣ ሌባ ያልኩሽ እዚህ ነው፤ ማሪኝ የምልሽም እዚሁ ነው። አጥፍቻለሁ።»

«ማሪያት!» አሉ ሻጮቹ። «ስለ ማርያም ብለሽ ማሪያት!» አሉ ተጓዦቹ በየመስኮቱ፤ ነገሩን ባያውቁትም ድንጋዩን አይተዋል።

ዘነቡ አንጀቷ ቆስሏል፤ ፊቷን አዞረች። ድንጋዩ ወርቄን ይብስ ሲያጎብጣት ግን አልቻለችም። ተራምዳ ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችላት።

«አውርጂው። አንገትሽ ከተሰበረ ማን ይሮጥልኛል?»

ተቃቅፈው ተላቀሱ። እትዬ አልታዬ ዕንባው እስኪያበቃ አልጠበቁም።

«የጎደለው አራት ሺህ ነው አይደል? የዛሬና የነገ ጠዋት ተራ በሙሉ የነሱ ነው። የሚከፋው አለ?»

«እኔስ ልጆች የሉኝም?» አለች አንዷ ከዳር።

«ያንቺስ ስልክ ጢን አይልም?» አሏት አሮጊቷ። ሴትየዋ እጇን ወደ ስልኳ ሰደደች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ስልካቸውን ዳበሱ።

አውቶቡስ በአውቶቡስ ላይ መጣ። ዘነቡ ምጣዷን አስመጥታ አጥሩ ሥር እሳት አነደደች፤ ወርቄ ትኩሱን እየዘገነች ሮጠች። «በስልክ ልላክልሽ?» ሲሏት «በእጅ! በእጅ፣ ወንድሜ!» ትላለች። ቅምሻውን ግን አልነፈገችም፤ እንዲያውም ከወትሮው አበዛችው። ትኩስ ቆሎ የቀመሰ ሳይገዛ መስኮት አይዘጋም። በማግሥቱም እንዲሁ ሲሯሯጡ አርፍደው፣ የባንኩን ገንዘብ አብረው ሄደው በጥሬው አወጡ፤ የቀረውን ከመቀነታቸው ፈትተው ጨመሩበት።

ሱቁ በር ላይ ሞባይል ነጋዴው ቀድሟቸው ቆሟል። «ተጣልተዋል፣ ከእንግዲህ አይመጡም» ብሎ ጋሽ ሸዋንግዛውን አሳምኖ፣ እሳቸውም ቁልፉን ከቀለበቱ እያወጡ ነበር። ሁለቱ ሴቶች እየሮጡ ደረሱ፤ እትዬ አልታዬ ከኋላ እያለከለኩ ተከተሉ። ገንዘቡ ሙሉ ነበር። ጋሽ ሸዋንግዛው ቁልፉን ለወርቄ ዘረጉላት።

«ለዘነቡ ይስጧት» አለች ወርቄ እጇን ሰብስባ። ዘነቡ ተቀበለች።

ሞባይል ነጋዴው እያጉረመረመ ሄደ። ጋሽ ሸዋንግዛው ግን ነገሩ አልዋጥልህ አላቸው። «ከተማው ሁሉ ስለናንተ ሲያወራ ነው ያደረው። እንደ እህት የኖራችሁ ሴቶች፣ ለመሆኑ ምን አጣላችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ፤ ከየት ይጀመራል? በዚህ መሐል ከጋሽ ሸዋንግዛው የኮት ኪስ ስልክ ጢን አለ። «የልጄ ገንዘብ ገባ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው ደስ ብሏቸው። እትዬ አልታዬ የሰውየውን ኪስ ትክ ብለው አዩ፤ ከነጠላቸው ጫፍ አንዲት ፍሬ ቆሎ ፈትተው በቀሩት ጥርሶቻቸው ቀጭ አደረጉና እንዲህ አሉ፦ «ምን ያጣላቸዋል፣ ጌታዬ፤ በቅምሻ ያለቀ ቆሎ ጎረቤት ያጣላል።»