ተቆርጦ የቀረው መስመር

ከባሌ ሦስት እህቶች ልጄን ክርስትና የምታነሳት የትኛዋ ትሁን? የንስሐ አባታችን ቀኑን ቆርጠዋል፤ እኔ ግን እስካሁን አልቆረጥኩም።

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ አይደለም፣ ልጄን ትኩሳት ያዛት። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እዚያ ነርሷ የባሌ ታላቅ እህት ትርንጎ ናት። መርፌ ስትወጋት የልጄ ፊት አበጠ።

«ይሄ አይስማማትም። ከተማ ሆስፒታል ሂጂ፣ መልእክቱ ይቀድምሻል» አለችኝ። ሁሉን በኮምፒውተር ጻፈች። እነሱ ጋ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ፣ ከላኪው ስም በላይ ነው። እንደዚያው አደረገች።

የሚልከውን ፕሮግራም የሠራችው መካከለኛዋ ስንዱ ናት። የጤና ጣቢያው ኮምፒውተር መስመር ሲያልቅ አንድ ምልክት ያደርጋል፤ የሆስፒታሉ ግን ሁለት ካላየ አይገባውም። ስለዚህ ፕሮግራሟ በየመስመሩ ጫፍ ለዓይን የማይታይ ምልክት ይጨምራል። ችግሩ ግን ምልክቱን ሳይጨምር ፊደሉን ብቻ ቆጥሮ ነው ሆስፒታሉን «ይህን ያህል ይመጣል» የሚለው።

የሆስፒታሉን ማሽን የምትይዘው ታናሿ ይርገዱ ናት። ድሮ ትርፍ ሆኖ የገባ ነገር አበላሽቶባት ስለነበር ከተነገረው በላይ የመጣውን እንዲጥል አድርጋዋለች። ትርንጎ ደግሞ አጭር አጭር መስመር ነው የምትጽፈው፤ መስመሩ በበዛ ቁጥር የሚጣለውም ይበዛል። ማስጠንቀቂያው ከነስሟ ተጣለ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ያንኑ መድኃኒት በመርፌ ቀዳ። «ይሄ ነው ያሳበጣት» አልኩት።

«እዚህ አልተጻፈም፣ እህቴ። ከበሽታው ነው» አለኝ።

መርፌው ገብቶ ሳያልቅ ይርገዱ እየሮጠች መጣች። «አቁም፣ መልእክቱ ተቆርጧል፣ የላኪው ስም የለበትም» ብላ እጁን ያዘችው። ልጄ ግን ትንፋሿ ቆመ። ትርንጎ ለመልእክቷ መልስ ብታጣ ጊዜ በሞተር ተከትላን ነበር፤ አፏ ላይ እየነፋች የመለሰቻት እሷ ናት። ስንዱ ደግሞ የሆነውን ስትሰማ አለቆቿ እየጮኹባት ፕሮግራሙን ዘጋችው። ሌሎች ልጆች በዚያ ዳኑ።

«ከዚህ በፊት የሄደው መልእክትስ?» ብዬ ስንዱን ጠየቅኳት።

«እንጃ» አለችኝ። ዓይኔን አላየችም።

አሁን ሦስቱም ልጄን ክርስትና ሊያነሷት ይፈልጋሉ። «ቆጥረሽ ብትልኪ ኖሮ» ትላለች ይርገዱ። «አንቺ የመልእክት ጅራት መቁረጥ ስትወጂ» ትላለች ስንዱ። ትርንጎ «እኔ ጽፌያለሁ» ከማለት ሌላ አታውቅም።

እኔ ባልኖር ልጄን የምትረከባት ያቺ የመረጥኳት ናት። ልጄ በተኛች ቁጥር ደረቷ መነሳት መውረዱን አያለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም። አስጠንቅቃ ትንፋሿን ለመለሰችው፣ የሐኪሙን እጅ ለያዘችው፣ ወይስ የማናውቃቸውን ልጆች ላዳነችው? እናንተ ብትሆኑ ለማን ትሰጡ ነበር? እባካችሁ ምከሩኝ።