ጉርሻ የለመደው ውሻ

አንድ ሥጋ ሻጭ ነበረ፤ ውሻም ነበረው።

ይህን የተናገሩት መሪጌታ ኅሩይ ናቸው፤ የተናገሩትም ለወይዘሮ ይርገዱ ነው። ወይዘሮ ይርገዱ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ጠብቀው ያዟቸውና፣ «መሪጌታ፣ ልጄ ትምህርቱን ከጨረሰ ሦስት ዓመቱ ነው። ያገኘሁለትን ሥራ ሁሉ አይሆንም ይላል። አንዱ ይርቃል፣ አንዱ በጠዋት ያስነሳል፣ የአንዱ አለቃ ደግሞ ፊቱ ደስ አይልም። ቁርሱን አልጋው ድረስ ይዤለት ሄጄ እለምነዋለሁ። ምን ጎድሎት ነው? ምን ልጨምርለት?» ብለው ጠየቋቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ከዚያ ስለ ሥጋ ሻጩ ጀመሩ።

ሰውየው በአንዲት ትንሽ ከተማ ስሙ የታወቀ ሥጋ ቤት ነበረው። ልጅ አልነበረውም። ቡችላ አግኝቶ አሳደገ፤ ስሙንም መብረቅ አለው። አንድ ደንበኛው፣ «ኃይለኛ እንዲሆንልህ ከፈለግክ እሳት የነካው ነገር እንዳታቀምሰው» ብሎ መከረው። ይህ ደንበኛ በዕድሜው ውሻ አሳድጎ አያውቅም፤ ግን ያን ጊዜ እሱ ራሱ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ ስለነበር ነገሩን የሚያውቅ መሰለ። መብረቅም ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥሬ ብቻ በላ። ሳንባ ሲሰጡት ሳንባ፣ ጣፊያ ሲሰጡት ጣፊያ፣ ቀና ሳይል ይጨርስ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሳንባውን አሸተተና ትቶት ተኛ። ጠግቦ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም፤ ከትናንት የተረፈ አንድ ትልቅ አጥንት ሲግጥ ነው ያነጋው። ሰውየው ግን ልቡ ድንግጥ አለ። ሳንባውን አንስቶ ጉበት አመጣ። መብረቅ ጉበቱን በላ። በዚያች ጠዋት ከሁለቱ አንዱ ትምህርት ቀሰመ፤ የቀሰመው ሰውየው አልነበረም።

በሳምንቱ ጉበቱ ተተወ፣ ሽንጥ መጣ። ሽንጡ ተተወ፣ ሻኛ መጣ። ደንበኞች ሻኛ ሲጠይቁ «ዛሬ አልቋል» ይባላሉ፤ ሻኛው ግን ጓሮ ውስጥ መብረቅ ፊት ተቀምጦ ዝንብ ይወረዋል። ሰውየው፣ ምናልባት ትልቅ ሆኖበት ይሆናል ብሎ በስሱ ቆረጠለት። ምናልባት አልጥም ብሎት ይሆናል ብሎ ሚጥሚጣ ነሰነሰበት፤ መብረቅ አስነጥሶት አልጋ ሥር ገባና እስከ ማታ አልወጣም። በመጨረሻ ሰውየው በርከክ አለና፣ ለክብር እንግዳ እንደሚደረገው፣ በእጁ ያጎርሰው ጀመር።

«በሞቴ! ይቺን ብቻ! አፈር ስሆንልህ!» ይላል።

መብረቅ ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል። ሰውየውም ወደ ግራ ይዞራል። እንደ ወግ የሚግደረደር እንግዳ ነው የሚመስለው፤ እንግዳ ግን በሦስተኛው ልመና አፉን ይከፍታል፣ መብረቅ በሰባተኛው ነው። ሚስትየው ከበሩ ላይ ቆማ እያየች፣ «እንዲህ አድርገህ አንድ ቀን እኔን አጉርሰኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

«አንቺ መቼ እንቢ ብለሽ ታውቂያለሽ?» አላት። ከልቡ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ተጠራ። ጥርሱን አየ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ ጆሮውን ገለጠ። «ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ጤና ነው ያለው» ብሎ ሄደ። ሰውየው ሐኪሙን ታዘበው፤ ገና ልጅ ነው፣ አልገባውም አለ።

እንዲህ እያለ ዐቢይ ጾም ገባ። በዚያች ከተማ በጾም ቢላዋ የሚያነሳ የለም፤ ሥጋ ቤቱም ተዘጋ። ሰውየው በቅበላ ፍሪጁን ሞልቶ ለመብረቅ ብሎ አስቀምጦ ነበር። መብረቅ ግን የፍሪጅ ሥጋ ነክቶ አያውቅም። አንድ ቀን አልበላም። ሁለተኛውንም አልበላም። በሦስተኛው ቀን ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ውሻው ዓይኑ እያየ ሊሞትበት ነው። ቢያርድለት ደግሞ በጾም ያረደ ሥጋ ሻጭ ተብሎ ስሙ ይጠፋል፤ ፋሲካ ሲደርስ ከእሱ ሥጋ የሚገዛ አይኖርም፤ የንስሐ አባቱንስ በምን ዓይኑ ያያቸዋል? ሁለቱን ሲመዝን አደረና፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለው፣ ውሻው በለጠበት። ከገጠር አንድ በግ አስመጣ።

ለበጉ ግን ነገሩ በምስጢር መያዝ እንዳለበት የነገረው ሰው የለም። ከግቢው በር ጀምሮ ጮኸ። ሰውየው አፉን በእጁ አፍኖ ወደ ጓሮ እየጎተተው ሳለ በሩ ክፍት ቀረ፣ መብረቅም ወጣ።

ሰውየው በጉን ጥሎ ውሻውን ፍለጋ ሮጠ። ሩቅ አልሄደም። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ጎረቤት አለችው፤ መብረቅን ያገኘው እሷ ግቢ ውስጥ ነው። ከንፈሩ የተሸረፈ የሸክላ ሳህን ላይ አጎንብሶ በሽሮ የተለወሰ የትናንት እንጀራ፣ እንኳን ጥሬ ሊሆን ሁለቴ እሳት ያየ፣ ጭራውን እያወዛወዘ ይበላል። ዶሮዎቹ ሊቀርቡ ሲሉ ያጉረመርምባቸዋል።

«ምን ጨምረሽበት ነው?» አለ ሰውየው።

«ምን እጨምርበታለሁ ጋሼ? የልጆቹ ትራፊ ነው። ትናንትም መጥቶ ነበር።»

«ስንቴ ለመንሽው?»

«ማንን? ውሻውን?» ሴትየዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አስቀመጥኩለት፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።»

«ባይበላስ ኖሮ?»

«ዶሮዎቹ አሉ።»

ሰውየው ደስታው ልኩን አለፈ። ሦስት ቀን የተጨነቀለት ውሻ አልሞተም! በርከክ ብሎ ከሳህኑ አንድ ቁራሽ አነሳና፣ «በሞቴ፣ ይቺን ከእኔ እጅ!» አለው።

መብረቅ ማኘኩን አቆመ። ቁራሹን አየ፣ ሰውየውን አየ። ከዚያ ከሳህኑ ራቅ ብሎ ቁጭ አለና ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፤ የተሻለ ነገር እስኪመጣ ሊጠብቅ ነው። ዶሮዎቹ ሳህኑ ላይ ሰፈሩ።

«ጋሼ» አለች ሴትየዋ በትሕትና፣ «በእግዚአብሔር ይሂዱልኝ። እርስዎ እያሉ አይበላም።»

ሰውየው ወጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ወዲያው ዶሮዎቹ ሲንጫጩ፣ ቀጥሎም ሳህኑ ሲላስ ሰማ። ደስ አለው፤ ግን በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮም አያውቅም። በጉን ለፋሲካ አቆየው።

መሪጌታ ይህን ተናግረው ወደ ወይዘሮ ይርገዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ውሻው አልታመመም ነበር፤ ልጅሽም የጎደለው የለም። ምን ልጨምርለት አልሽኝ። ቁርሱን ገበታው ላይ አስቀምጪና ወደ ጉዳይሽ ሂጂ። ሥራው የት እንዳለ አንዴ ንገሪውና ዝም በይ። ከሄደ ሄደ። ካልሄደ ሥራውን የሚወስድ ሌላ ሰው አይጠፋም።»

«መሪጌታ፣ ቢርበውስ?»

«ይራበው እንጂ! አንቺ ቤት እስካለሽ ቢርበው ምንም አይሆንም። በሞቴ እያልሽ ስታጎርሺው ይኸው ትልቅ ሰው ሆነ። ሞት ግን አንድ ቀን ሳትጠሪው ይመጣል። ያን ቀን ልጅሽ እንደዚያ ውሻ ፊቱን አዙሮ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የተሻለ ይዞ የሚመጣለት ሰው ግን የለም። እኔ የምፈራልሽ ያንን ነው።»