የሐኪሟ መሐላ

አንዲት ሐኪም ነበረች። ኧረ አትቁነጥነጥ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም! «ወንድሜ የበደለኝን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ካላመነ፣ ቅንጣት ከቀረች፣ እርቁ ምን ይረባኛል?» ነው ያልከኝ። እሱኑ እየመለስኩልህ ነውና ስማኝ።

ወደዚህች ሐኪም አንድ ሸማኔ እያነከሰ መጣ። ቀኝ እግሩን እንደ እሳት ይለበልበዋል፤ ሲብስበትም ይደነዝዛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወጌሻ ዘንድ እየተመላለሰ ያንኑ እግሩን በቅቤ ሲያሳሽ ከርሟል። «የሽመና ጉድጓድህ ውስጥ መርገጫ ስትረግጥ እየዋልክ ጅማትህ ዞሮ ነው» ይለው ነበር ወጌሻው። ሐኪሟ ግን እግሩን ትታ ወገቡን ጫን ጫን ስታደርገው ሕመሙ እስከ እግሩ አውራ ጣት ወረደ። ኤም አር አይ አስነሣችው። ከአከርካሪው አጠገብ፣ ወደ እግሩ በሚወርደው ነርቭ ሽፋን ላይ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ዕጢ በቅሏል። ክፉ ዓይነት አይመስልም፤ ዝም ከተባለ ግን ነርቩን እየተጫነ እግሩን ያሽመደምደዋል።

«ዶክተር፣ ከነሥሩ ያውጡልኝ። ቅንጣት እንዳያስቀሩ ይማሉልኝ» አላት።

አንጀቷን በላው። «እናቴ ትሙት፣ አላስቀርም» አለችው። ምነው ምላሷን በቆረጠው! ሐኪም እንዲህ ብሎ ይምላል?

በቀዶ ሕክምናው ቀን ጀርባውን ከፍታ፣ በማጉያ መነጽር እያየች ዕጢውን ከነርቩ ላይ ቀስ በቀስ ትልጠው ጀመር። እግሩ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አለ፤ ነርቩ አደጋ ላይ ሲሆን ይጮኻል። ዕጢው ወጣ ወጣና የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብቻ ቀረች። ያቺ ቁራጭ ግን ከነርቩ ጋር ተጣብቃለች። ጫፏን ስትነካት መሣሪያው ጮኸ። እጇን አነሣች፤ ዝም አለ። ደግማ ነካቻት፤ ደግሞ ጮኸ። ግንባሯ በላብ ተጠመቀ። እንደማለችው ካወጣቻት ይህ ሰው ከእንግዲህ መርገጫ አይረግጥም፤ ልጆቹን የሚያበላቸው ደግሞ እግሩ ነው። ካላወጣቻት ቃሏን በላች። ፈራች። ለሦስተኛ ጊዜ ምላጩን አስጠጋች።

ከዚያ እጇን መለሰችና «ይሰፋ» አለች።

ሰውዬው ሲነቃ አልደበቀችውም። «መሐላዬን አፍርሻለሁ። ትንሽ ቀርታለች፤ በየዓመቱ እየመጡ እናያታለን» አለችው።

«እግዜር ይይልሽ! ለዚህ ነው የማልሽልኝ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አልተቀየመችውም። ብርድ ልብሱን ገልጣ «እስቲ አውራ ጣትዎን ያንቀሳቅሱ» አለችው። አንቀሳቀሳት። ሁለቱም ያቺን ጣት አዩ። ቀድሞ ያለቀሰው እሱ ነው።

እንግዲህ አንተም ልብ በል። ያ በደል የተለጠፈው ሌላ ነገር ላይ አይደለም፣ ወንድማማችነታችሁ ላይ ነው። ብዙው ወጥቷል፤ ድንጋይ ተሸክሞ እግርህ ላይ ወድቆ፣ በሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ» ብሎሃል። አንተ ግን የቀረችዋን ካልነቀልኩ እያልክ ትጎትታለህ። ትናንት «ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም» ሲልህ ጩኸቱን አልሰማህም? አንድ ጊዜ ደግመህ ከጎተትካት እኮ የሚቆረጠው ወንድምህ ነው! ተዋት፤ ዓይንህን ግን አትንቀልባት፤ ካደገች እኔ አለሁልህ። በል አሁን ተነሣ፣ ወንድምህን ለምኜ አምጥቼዋለሁ፤ ውጭ ቆሟል።